ለመስቀል ጉራጌ አገር ስትገቡ

ዘንድሮ መስቀልን ጉራጌ አገር ከቤተሰብ ጋር ለማሳለፍ ካሰባችሁ፣ ከሁሉ በፊት የምትቆርጡት የመግቢያችሁን ቀን ነው። ብዙ የከተማ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የቀን መቁጠሪያው በዓሉን መስከረም 17 ስለሚል በ16 ማታ ሻንጣውን ይዞ ከች ይላል። ሲደርስ በሬው ታርዷል፣ የጎመን ክትፎው ተበልቷል፣ እንጨቱ ተፈልጦ ተከምሯል፣ ሴቶቹ ሳምንት ሙሉ ጎንበስ ቀና ሲሉ ሰንብተው ወገባቸው ተቆርጧል። እሱ እጁን ታጥቦ ይቀርባል። ማንም ክፉ አይናገረውም፤ ይጎርሳል፣ ይመረቃል። የበዓሉ ትልቁ ክፍል ግን ሳያየው አልፏል። ይህን የምጽፈው መስቀልን ከነሥራው ማሳለፍ ለሚፈልግ ሰው ነው፦ ለተወላጁ፣ ከተማ ተወልዶ ላደገው ልጁ፣ ለአማቹ፣ ለምራቷ፣ በጓደኛ ለተጋበዘውም ጭምር።

አንድ ነገር አስቀድሞ መረዳት ይጠቅማል። በመስከረም አጋማሽ የአገሪቱ እህል ገና ማሳ ላይ ነው፤ ዋናው አጨዳና ውቂያ የሚመጣው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። የበቆሎ እሸት፣ ድንችና ጎመን ግን ደርሷል፤ ክረምቱም አልፏል። ከዚህ ሌላ ጉራጌ የእንሰት አገር ነው። እንሰት እንደ ጤፍ በዓመት የሚታጨድ አይደለም፤ ዓመታት ቆሞ ይደርሳል፣ ይፋቃል፣ ጉድጓድ ገብቶ ይብላላል። ስለዚህ በመስቀል ገበታ ላይ የሚቀርበው የአንድ ወቅት ምርት ብቻ አይደለም። ቆጮው ከጉድጓድ ይወጣል፣ ቅቤው ሲጠራቀም የከረመ ነው፣ የበሬውም ገንዘብ በየወሩ የተቀመጠ ነው። ዓመቱን ሙሉ የተሰበሰበው በአንድ ሳምንት ይፈታል። ይህን የተረዳ ሰው እንዴት መግባትና ምን መያዝ እንዳለበት ለመገመት አይቸገርም።

ቀኑን መቁረጥ

ደመራ መስከረም 16፣ መስቀል 17 ነው። በጉራጌ ግን በዓሉ ከ12 እና ከ13 ጀምሮ ቤት ውስጥ ገብቷል። በሰባት ቤት ጉራጌ በብዙ ቤት እርዱ ከደመራው በፊት፣ በ15 ነው፤ በዋዜማው የጎመን ክትፎ ይበላል። በሶዶና በመስቃን፣ አልፎም ከመንደር መንደር ልማዱ ይለያያል። ስለዚህ ከእኔም ከማንም ጽሑፍ ቀን አትውሰዱ። ደውላችሁ «የእኛ ቤት እርድ መቼ ነው?» ብላችሁ ጠይቁና ከዚያ ቢያንስ ሁለት ቀን ቀድማችሁ ግቡ። በዚያው ስልክ የጾሙንም ነገር ጠይቁ፤ ቀኑ ረቡዕ ወይም ዓርብ ላይ ሲውል የሚጾም ሰው ስለሚኖር ገበታው ይቀየራል።

ተቀጣሪ ከሆናችሁ የሕዝብ በዓል ሆኖ የሚዘጋው 17 ብቻ ነው። የቀረውን ከዓመት ፈቃዳችሁ ነው የምትወስዱት። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት የሚሰጠው የዓመት ፈቃድ 16 የሥራ ቀን ነው። ጥያቄውን ነሐሴ ላይ አስገቡ፤ መስከረም ከገባ በኋላ እናንተም፣ የሥራ ባልደረባችሁም፣ አለቃችሁም የምትፈልጉት ያንኑ ሳምንት ነው።

መንገዱ

ወልቂጤ ከአዲስ አበባ በጅማ መንገድ 155 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ቡታጅራ በሌላኛው መንገድ 130 ያህል። በአዘቦት ቀን ግማሽ ቀን የማይሞላ ጉዞ ነው። ከ12 በኋላ ግን መርካቶ ሱቁን ዘግቶ የሚወጣበት ጊዜ ስለሆነ መናኸሪያው ይጨናነቃል፣ ታሪፍም ይዘለላል። ከቻላችሁ በ11 ወይም በሥራ ቀን ማለዳ ውጡ። ሕፃንና አዛውንት ይዞ ምሽት ላይ መነሳት አያዋጣም፤ ከወልቂጤ ወይም ከእምድብር በኋላ ያለው የገጠር መንገድ በመስከረም ጭቃው ገና አልጠነከረም፣ የመጨረሻውንም ቁራጭ ብዙ ጊዜ በእግር ነው የምትሄዱት። ቦቲ ጫማ፣ የእጅ ባትሪ፣ ለሌሊቱ ብርድ ወፍራም ሹራብ ያዙ። የጉመርና የእዣ ደጋ በመስከረምም ይበርዳል።

ምን ይዞ መግባት

ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ። የምትጠይቁትም ወንዶቹን ሳይሆን ጓዳውን የምታውቀውን ሴት ነው፦ እናታችሁን፣ አክስታችሁን፣ የወንድማችሁን ሚስት። «ምን ጎደለ?» ስትሏት መጀመሪያ «ምንም አልጎደለም፣ እናንተ ብቻ ኑ» ትላለች። ሁለተኛ ጠይቁ። ቡና፣ ስኳር፣ ዘይት፣ ሳሙና፣ ጨው ሊሆን ይችላል፤ አንዳንዴ የሚያስፈልጋት አንድ ትልቅ ድስት ወይም አንድ ጥሩ ቢላ ነው። የምትፈልገውን አንድ ዕቃ ይዞ የገባ ሰው ካርቶን ሙሉ ብስኩት ከጫነው ይበልጣል።

ለሕፃናት ልብስ ነው። «ለመስቀል ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የተባለው ያለ ነገር አይደለም፤ አንድ ልጅ ለመስቀል አዲስ ልብስ ካልለበሰ በጓደኞቹ መሐል የሚቆምበት አያገኝም። የጫማ ቁጥር በስልክ ስትጠይቁ ብዙ ጊዜ የሚያውቅ የለም። እግሩን በክር ለክተው ክሩን በሚመጣ ሰው እንዲልኩላችሁ አድርጉ፤ ክሩን ሱቅ ይዛችሁ ሄዳችሁ ጫማው ውስጥ ዘርጉት፣ አንድ ጣት ትርፍ ይኑረው። ከጎረቤት ልጆች መሐል ወላጅ የሌለው እንዳለ ጠይቃችሁ ለእሱም ጨምሩ። ለአዛውንቶች ጋቢ ወይም ነጠላ ደግ ነው፤ ሲሰጥም ቆሞ፣ በሁለት እጅ ነው።

ገንዘብን በተመለከተ ጠንከር ያለ ምክር አለኝ። ከተማ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች ከመሄዳችሁ በፊት ተነጋገሩና ለበሬውና ለቤቱ የምታዋጡትን በአንድ ላይ አድርጋችሁ፣ በአንድ እጅ ለአባት ወይም ቤቱን ለያዘው ታላቅ ስጡ። ማን ስንት እንዳዋጣ አይነገር። አንዱ ነጋዴ፣ አንዱ ጥበቃ ሠራተኛ፣ አንዷ አስተማሪ በሆኑበት ቤት በየግል የሚሰጥ ገንዘብ በዓሉን ወደ ውድድር ይለውጠዋል፤ አቅም ያነሰውም በሚቀጥለው ዓመት ሰበብ ፈልጎ ይቀራል። በገንዘብ አፍሮ ከቤተሰቡ የሚቀር ሰው እንዳይኖር ማድረግ የእናንተ የከተመኞቹ ሥራ ነው።

ቂም ካለ

ተጣልቶ አንድ ገበታ ላይ መቅረብ በዚያ አገር ነውር ነው። ሽማግሌዎች ከበዓሉ በፊት ባሉት ቀናት የተኳረፈ እየፈለጉ ያስታርቃሉ፤ ልጅና አባት፣ ባልና ሚስት፣ ድንበር የተገፋፉ ጎረቤታሞች ሁሉ ይጠራሉ። ከወንድማችሁ ጋር ዓመት ሙሉ ካልተነጋገራችሁ ነገሩን ይዛችሁ አትሂዱ። ከአዲስ አበባ ሳትነሱ ደውሉለት፤ ካላነሳ ለአንድ ሽማግሌ ንገሩና እርዱ ሳይደርስ ያገናኟችሁ። የመሬትና የውርስ ጉዳይ ካለም መስቀል ሁሉም ዘመድ የሚገኝበት ጊዜ ስለሆነ ማንሳት ያጓጓል። ተነጋገሩበት፤ ግን ከ17 በኋላ፣ ሽማግሌ ባለበት፣ ከገበታ ርቆ።

ሥራው

ጓዛችሁን ባስቀመጣችሁ ማግስት የሥራ ልብስ ልበሱ። ቤቱ ከውስጥ ይጠረጋል፣ ግድግዳው ይለቀለቃል፣ የተሰቀለው የሸክላና የእንጨት ዕቃ ወርዶ ይታጠባል፣ አዲስ ጅባ ይነጠፋል። ይህ በአብዛኛው የልጃገረዶች ሥራ ነው። ወንዶች እንጨቱን ከክረምት በፊት ጀምረው ፈልጠው ያደርቁታል፤ ለእናንተ የሚቀርላችሁ ማጓጓዝና መከመር ነው። ቢላ መሳልም አለ፤ ይህን የሚችል ከተሜ ብዙ ክብር ያገኛል።

ውሃ መቅዳት፣ ጎመን መቀንጠስ፣ ዕቃ ማጠብ ማንም የሚችለው ነው። ወንድ ጓዳ ሲገባ የሚያጉረመርሙ አዛውንቶች አሉ። እኔ ግን ግቡ ባይ ነኝ። በዓሉ በሙሉ የተጫነው በሴቶች ጀርባ ላይ ነው፤ እናታችሁ ስልሳ ዓመት ከሞላት ደግሞ ያን ሁሉ እንሰራ ተሸክማ መውጣትና መውረድ የለባትም። ክርክር ሳታነሱ እንሰራውን ከእጇ ተቀበሉ።

ቅቤው የራሱ ታሪክ አለው። ከአንድ ላም የሚገኘው ቅቤ በአንድ ጊዜ ለመስቀል አይበቃም፤ ስለዚህ ሴቶቹ ተሰባስበው በየተራ ቅቤ የሚያዋጡበት ዕቁብ አላቸው፣ ውጆ የሚሉት አካባቢ አለ። ተራዋ ለመስቀል እንዲደርስ የምታደርግ ሴት ዓመቱን ሙሉ ከልጆቿ አፍ እየቀነሰች ነው ያዋጣችው። ይህን ያወቀ ሰው ክትፎው ላይ «ቅቤው በዝቷል» አይልም። ጤናችሁ የማይፈቅድ ከሆነ ገበታ ላይ ሳይሆን ከእርዱ በፊት ለብቻዋ ንገሯትና ድርሻችሁን ቀድማ ትለይላችሁ።

ቆጮውን ስትሠራ አጠገቧ ተቀመጡ። ከጉድጓድ የወጣው ይጨመቃል፣ ጭረቱ እንዲያጥር በቢላ ደጋግሞ ይከተፋል፣ ይነፋል፣ ይታሻል፤ ከዚያ በእንሰት ቅጠል ተደርጎ ምጣድ ላይ ይጋገራል። ከተማ ያደጉ ልጆች ሽታውን መጀመሪያ አይወዱትም። አታስገድዷቸው፤ ከምጣድ ሲወርድ ትኩሱን ቅቤ ቀብታችሁ ትንሽ አቅምሷቸው። ቡላም ካለ ገንፎው የልጅም የሽማግሌም ምግብ ነው።

የጎመን ክትፎ ምሽት

ከእርዱ በፊት ያለው ምሽት ሥጋ የለውም፤ ለእኔ ግን ከሁሉ የሚጣፍጠው እሱ ነው። ጎመኑ ተቀቅሎ፣ ውሃው ጨርሶ እስኪወጣ ተጨምቆ፣ እንደ ሥጋው ደቆ ይከተፋል፤ ከዚያ በቅቤ፣ በሚጥሚጣና በአይቤ ይለወሳል። ሕፃናቱ ችቦ ለኩሰው በጀፎረው ላይ፣ በሣር የተሸፈነው ያ ሰፊው የመንደር መንገድ ላይ፣ ይሯሯጣሉ። ልጆቻችሁን ስልካቸውን ተቀብላችሁ ልቀቋቸው፤ የአጎታቸውን ልጆች የሚያውቋቸው በዚያ ምሽት ነው። ደረቅ ችቦ በእጃቸው ስለሆነ አንድ ትልቅ ሰው አብሯቸው ይሁን፤ የሣር ክዳን ያላቸው ቤቶች አሉ።

እርዱና ክትፎው

በማለዳ የቤቱ ታላቅ ይመርቃል። ምርቃቱ ረጅም ነው፤ ለከብቱ፣ ለእንሰቱ፣ ለወጡት፣ ላልተመለሱት፣ ለሞቱት ይደርሳል። ቆማችሁ በየመሐሉ «አሜን» እያላችሁ ጨርሱ። ፎቶ ማንሳት ካማራችሁ ምርቃቱ ካበቃ በኋላ ነው።

በሬው ከመታረዱ በፊት በወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ቢታይ ጥሩ ነው፤ ክፍያውን እናንተ ሸፍኑ። የታመመ ከብት በምንም ምክንያት አይታረድም፣ የሞተም አይበላም፤ አባ ሰንጋ ሰውንም ይገድላል። ጥሬ ሥጋ የኮሶ ትል ሊያስተላልፍ ስለሚችል ለነፍሰ ጡር፣ ለሕፃንና ለታመመ ሰው ክትፎው ለብለብ ሳይሆን በደንብ የበሰለ ይሁን። ይህን ስትሉ የሚቆጣ ሰው ቢኖር እንኳ በትሕትና ጸንታችሁ ቁሙ።

ክትፎውን ለመሥራት ከጭን ወይም ከሽንጥ የወጣ፣ ስብ የሌለው ቀይ ሥጋ ውሰዱ። መጀመሪያ ሥራው ማጥራት ነው፦ ጅማቱ፣ ነጭ ሽፋኑ፣ ስቡ በሙሉ በትንሽ ስለታም ቢላ ተላጦ ይወጣል። ትዕግሥት የሚጠይቀው እዚህ ነው፤ አንድ የቀረ ጅማት ጉርሻውን ያበላሻል። ከዚያ ሥጋው በንጹሕ የእንጨት መክተፊያ ላይ በከባድ ቢላ ይከተፋል፤ እየተሰበሰበ፣ እየተገለበጠ፣ መልሶ እየተከተፈ። ማሽን ሥጋውን ስለሚጨፈልቀው ውሃ ያስወጣል። በቢላ የተከተፈው ግን ጣት መሐል ሲነካ ልስልስ ቢልም ፍሬ ፍሬው ይታወቃል።

ንጥር ቅቤው በኮረሪማና በኮሰረት የተነጠረ ነው። አሙቁት፣ ነገር ግን ለብ እንዳለ አውርዱት፤ ከተቃጠለ ሥጋው ጠርዙ ይነጣና ጥሬም ብስልም ያልሆነ ነገር ይሆናል። በጣታችሁ ነክታችሁ ካላቃጠላችሁ ደርሷል። ቅቤውን በጣባው ውስጥ ቀድማችሁ ከሚጥሚጣ፣ ከኮረሪማና ከጨው ጋር አዋሕዱ፣ ከዚያ ሥጋውን ጨምሩና በእንጨት ማንኪያ ለውሱ። ሥጋው ላይ ሚጥሚጣ በትኖ ቅቤ ማፍሰስ አንዱን ጉርሻ እሳት፣ ሌላውን አልጫ ያደርጋል። ከጣባው ጋር አይቤ፣ ጎመንና በስሱ የተቆረጠ ቆጮ ይቀርባል።

የመጀመሪያው ጉርሻ ለታላቁ ነው። ከዚያ በኋላ ግን አንድ ነገር ተጠንቀቁ፦ ሴቶቹ አብረው መቀመጣቸውን። «እኛ ኋላ እንበላለን» ሲሉ እሺ ብላችሁ አትለፏቸው። ቢያንስ እናታችሁን አስቀምጣችሁ አጉርሷት።

ሙስሊም ጉራጌዎች ይህንኑ የመሰለ መግባት በዐረፋ ያደርጋሉ፤ በብዙ መንደር ጎረቤቱ ሙስሊም ነው። የእርዱ ሥጋ ስለማይመቸው ሌላ የሚካፈለው ነገር ለይታችሁ አስቀምጡለት፤ ቡናው፣ ማሩ፣ ቆጮው አለ። ለዐረፋ ሲጠራችሁም ሂዱ።

ደመራ፣ ጥየቃ፣ አዳብና

ዩኔስኮ በ2006 ዓ.ም. የመዘገበውን የመስቀል በዓል ቴሌቪዥን የሚያሳየው ከመስቀል አደባባይ ነው። የመንደሩ ደመራ ግን ትንሽ ነው፤ እንጨቱን ያመጣችሁት እናንተው ናችሁ፣ ዙሪያውን የቆመውንም ሁሉ በስም ታውቁታላችሁ። ሕፃናቱን ነፋሱ እሳቱን ከሚነዳበት ወገን አርቃችሁ አቁሟቸው። ሲበርድ ከአመዱ ግንባራቸው ላይ የሚቀቡ ይኖራሉ።

ከ17 በኋላ ያሉት ቀናት የጥየቃ ናቸው። በመጀመሪያ አማቶቻችሁ ዘንድ ነው የምትሄዱት፤ ሥጋ ወይም ሌላ ስጦታ ይያዛል፣ ምን እንደሚያዝ የሚያውቁት የቤቱ ሴቶች ናቸው። ቀጥሎ ዓመቱን ሐዘን የተቀመጡ ቤቶች። ሰው የሞተበት ቤት ለመስቀል ጭር ይላል፤ እዚያ ገብቶ አንድ ስኒ ቡና ጠጥቶ መውጣት ሦስት ግብዣ ከመብላት ይበልጣል። ብቻቸውን የቀሩ አሮጊቶችን ዝርዝር ከእናታችሁ ተቀበሉ፤ ልጆቻችሁ ሥጋውን ተሸክመው ይሂዱ።

ወጣቶቹ ለአዳብና ይወጣሉ። በየገበያው ቦታ የሚደረግ የጭፈራና የመተያያ ቀን ነው፤ ልጃገረዶቹ ተኩለውና ተሸልመው፣ ጎረምሶቹ ዱላቸውን ይዘው ይመጣሉ፣ ስንት ጋብቻ የተጀመረው እዚያ ነው። ከከተማ የሄዳችሁ ወጣቶች ጨፍሩ፤ እግሩ ፈጣን ስለሆነ መጀመሪያ ጠርዝ ላይ ቆማችሁ ተመልከቱና ግቡ። ልጃገረድን ሳያስፈቅዱ በስልክ መቅረጽ ግን ጠብ ያመጣል፣ ተገቢም አይደለም።

መሄድ ላልቻላችሁ

ዋሽንግተን፣ ቴል አቪቭ ወይም ሪያድ ያላችሁ ገንዘቡን ጳጉሜን ሳይገባ ላኩ፤ በሬው የሚገዛው ቀድሞ ነው፣ በመስከረም 14 የደረሰ ገንዘብ ዋጋው ከናረ በኋላ ነው የሚገኘው። የምርቃቱን ሰዓት ጠይቁና በዚያ ሰዓት ደውሉ፤ ታላቁ ስማችሁን ጠርቶ ይመርቃችኋል። ልጆቻችሁም ስልኩ አጠገብ ይቁሙ፣ «አሜን» ማለት ማንም ያስተምራቸዋል።

ስትመለሱ

የመመለሻውን ትኬት ስትገቡ ቁረጡ፤ ከ19 እስከ 21 ሰልፉ ከመሄጃው ይብሳል። ቆጮ፣ ቅቤ፣ ቋንጣ ይጫንላችኋል፤ እምቢ አትበሉ፣ ነገር ግን የቤቱን ስንቅ ይዛችሁ እንዳትወጡ ጓዳውን በዓይናችሁ ገምቱ። ቅቤው በደንብ በሚከደን ዕቃ ይሁን፣ ሥጋው እስኪደርቅ ካልቆያችሁ ጥሬውን አትጫኑ።

ከመነሳታችሁ በፊት ባለችው ማታ ቤተሰቡ ተቀምጦ የሚቀጥለውን መስቀል ይነጋገር። የበሬው ዕቁብ በየወሩ ስንት እንደሚሆን፣ ማን እንደሚሰበስብ፣ በየትኛው ሂሳብ እንደሚቀመጥ ተስማሙ። የእናታችሁ የቅቤ ተራ መቼ እንደሚደርስ ጠይቁና፣ ላሟ ብትነጥፍ ቅቤውን በገንዘብ የምትሞሉላት እናንተ እንደሆናችሁ ንገሯት። የጥቅምትን መዋጮ እዚያው አስቀምጣችሁ ውጡ።